የእርሳሱ ልባስ

እርሳሱ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። ከሣጥኔ ግርጌ፣ ከባለቤቴ የክርክር ወረቀቶች ሥር፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከአውራ ጣቴ ጥቂት ይረዝማል፤ እንደ አዲስ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ነው። ጥይት ሲያቀልጡ ያየ ሰው በእጁ ቢይዘው ከክብደቱ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። አፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ መሆኑን ግን ማንም አይገምትም።

ባለቤቴ ካረፉ ሰባት ወር ሆነ። ይህን የምጽፈው ስለ አፋቸው ነው። ሰው ስለ አፋቸው ብዙ ተናገረ፤ እኔ እየሰማሁ ዝም አልኩ። አሁን ዝም ማለቱ ከበደኝ፤ መናገሩንም ሞክሬው አልሆነልኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከጻፍኩ ብዙ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው። በደብረ ወርቅ አካባቢ ካህን ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዳዊቱን ለእኔ አወረሱኝ። ሴት ልጅ ማንበቧ ለሰፈሩ ሁሉ መደነቂያ ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር። ባላነብ ኖሮ ጥፋቴ ይቀል ነበር ብዬ የማስበው አሁን ነው።

ባለቤቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠበቃ ነበሩ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው የነበሩበት፣ ሰው ሁሉ በርስት የሚካሰስበት ዘመን ነው። ከደምበጫም ከቁይም ባለጉዳይ በበቅሎ እየመጣ ደጃችን ላይ ይቀመጥ ነበር። "ሌላው በበሬ ያርሳል፤ እኔ በምላሴ አርሳለሁ" ይሉ ነበር። ችሎት ፊት ሲቆሙ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እንደ ዘር ይጥሉታል። አንድ ዳኛ "እርስዎ ሲናገሩ ከሳሹም ተከሳሹም እውነተኛ ይመስለኛል" እንዳሏቸው ሲያወሩልኝ እስኪያስላቸው ይስቁ ነበር።

በታች ከንፈራቸው ላይ ስንጥቅ የምታህል ቁስል ወጣች። ፀሐይ ነው አልን። ቅቤ ቀባናት። ጸበልም ሄድን። ቁስሏ ዳር ዳሯ እየጠነከረ ባቄላ አከለች። የከተማችን ሐኪም ብዙ ጊዜ ተመልክቶ፣ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ሐኪም ቤት ጻፈልን። እዚያ በጨረር የሚያክም ፈረንጅ ሐኪም ነበር። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ አቧራ ለብሰን፣ አንዲት የአገራችን ልጅ ቤት አረፍን።

ነቀርሳ ነው አሉን። ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ አንዲት ነርስ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። ነርሷ ወጣት ናት፤ ግን ከባለቤቴ ጋር እንደ እኩያ ተግባባች።

"ጌታዬ፣ ጨረር ወዳጅና ጠላት አይለይም" አለቻቸው። "የታመመውንም ደኅናውንም ያቃጥላል። ከከንፈርዎ ኋላ ድድ አለ፣ ምላስ አለ። ምንም በደል የላቸውም።"

"ከጥፋተኛ ጋር ጎረቤት መሆናቸው ነው በደላቸው" አሉ ባለቤቴ።

"አዎ። ሐኪሙ በእርሳስ አጥር ያጥርላቸዋል።"

"እንግዲያው ለድዴ ጠበቃ ቆመለት በይኛ።"

ሐኪሙ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነገር አስነክሶ የአፋቸውን ቅርጽ ወሰደ። በማግስቱ ይህን እርሳስ በልካቸው ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ዙሪያውን ሮዝ ቀለም ባለው ሰም ለብጦ አመጣው። ሰሙ ወፍራም ነበር፤ የትንሽ ጣቴን ጥፍር ስፋት ያህል ይወፍራል። በከንፈራቸውና በድዳቸው መካከል ሲገባ የታች ከንፈራቸው ወደ ፊት ተገፍቶ ያኮረፈ ሕፃን አስመሰላቸው። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ። እሳቸውም በዓይናቸው ሳቁ።

ሦስት ሳምንት በየቀኑ እየሄዱ ታከሙ። ሐኪሙ የሚያዘውን ሁሉ አደረግሁ። ውኃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ጨው ጨምሬበት ጧትና ከምግብ በኋላ እየተጉመጠመጡ ይተፉታል። በርበሬ፣ አረቄ፣ ትኩስ ነገር፣ መፋቂያ ተከለከሉ። ከንፈራቸው በላዩ ቀላ፣ ቆሰለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው ተባልን። ከውስጥ ግን ሐኪሙ በእንጨት ከፍ አድርጎ ሲያሳየኝ ድዳቸውም ምላሳቸውም የሕፃን አፍ ይመስል ነበር። "እርሳሱ ሥራውን ሠርቷል" አለች ነርሷ።

ከዚያ ከንፈሩ እንዲያርፍ ሦስት ሳምንት ወደ አገራችን እንድንመለስ፣ በኋላም ለሁለተኛው ዙር እንድንመጣ ነገሩን። እርሳሱ እዚያ ቢቀር ከሌላ ሕመምተኛ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ብሎ ሐኪሙ ለእኛ ሰጠን። ነርሷ በወረቀት ጽፋ አብራ ጠቀለለችው፤ "እንዳለ ይመለስ። ሰሙ አይነካ።" ወረቀቱን ባለቤቴ ለእኔ ሰጡኝ። "አንባቢዋ አንቺ ነሽ" አሉ።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ለዐቢይ ጾም አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። የነፍስ አባታችን መጥተው ባለቤቴን አዩና በሽተኛ ስለሆኑ ወተትና እንቁላል እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ባለቤቴ ግን በቀላሉ የሚፈቱ ሰው አልነበሩም።

"አባቴ፣ የታመመው ከንፈሬ ነው" አሉ። "ሆዴ ደኅና ነው። ደኅና የሆነው ለምን በታመመው ስም ይበላል?"

"እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ማን ይከራከራል" አሉ የነፍስ አባታችን፣ ሳቁም። "ተልባ ይጠጡ። ከከበደዎት ግን ፈቃዴ እንዳለ ነው።"

እናም ሊጾሙ ቆረጡ። በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ፣ ተልባ፣ በሶ በጥብጬ አዘጋጅላቸው ነበር። ያን ያህል ከታመመ ሰው ያን ያህል ጾም አይቼ አላውቅም፤ ልቤ ይነካ ነበር። ለዚህ ጾም ጠባቂ ሆንኩ። ከሳቸው ይልቅ እኔ ፈራሁለት።

እንደምናደርገው ሁሉ በቅበላው ማግስት ዕቃ ማጥራት ያዝኩ። ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ወጪቱን በአመድ ፈትጌ፣ የፈላ ውኃ አፍስሼ፣ የቅቤ ዘር እንዳይቀርበት አደርጋለሁ። ጎረቤቴ ልትረዳኝ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። የቁይ ተወላጅ ናት፤ ምላሷ ስል ነው፤ ከእኔ ጋር ግን እንደ እኅት ነን። የባለቤቴን እርሳስ ጨርቁን ላጥብ ብዬ ፈትቼ መደብ ላይ አስቀምጬው ነበር።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ጥሬ ሥጋ ይመስላል" አለች።

ነገርኋት።

"አፋቸው ውስጥ? ላዩ ምንድን ነው?"

"ሰም ነው።"

"የፈረንጅ ሰም? እቴ፣ ፈረንጅ ሰሙን ከሞራ ነው የሚሠራው ይላሉ። ማን ንብ አርብቶላቸው።" ጭልፋውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። "አንቺ እዚህ የድስት ዘር ትፈትጊያለሽ፤ ባልሽ ሞራ ነክሰው ሊጾሙ ነው።"

ቀልዷ ነበር። ስቃ ወደ ድስቷ ተመለሰች። እኔ ግን እጄ አመዱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሮቡንና ዓርቡን አሰብኩ፤ በመጀመሪያው ዙር ሐኪም ቤት የዋሉባቸው የጾም ቀናት ስንት ነበሩ። ይህች ሴት ከዚህ ወጥታ ለሌላዋ ብትነግር አልኩ። የካህን ልጅ ቤት፣ በዐቢይ ጾም፣ ሞራ።

በማግስቱ ገበያ ወርጄ ሻማ የሚሸጠውን ባለሱቅ ጠየቅሁት። እስላም ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ የምናውቀው ነጋዴ ነው።

"ይህ ሻማ ከምን ይሠራል?"

"እኔ እሸጠዋለሁ እንጂ አልቀመስኩትም፣ እመቤቴ።"

"ከሞራ ነው ይባላል።"

"ይባላል። ስለ ቅቤዬም ብዙ ይባላል።" ገበያተኛው ሳቀ። "ለመብራት ነው ወይስ ለወጥ የፈለጉት?"

ሳልገዛ ሄድኩ። ሰው ስለ ሳቀብኝ ይልቁን እርግጠኛ ሆንኩ። እንዲህ ነው የማስበው፤ የሰው ሳቅ ለእኔ ማረጋገጫ ይመስለኛል። የነፍስ አባታችንን ብጠይቅ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን ካልጠየቅኋቸው ኀጢአቱ ገና አልተጻፈም፣ ብጠይቃቸው ያለፉት ሮብና ዓርብ ሁሉ ሊቆጠሩብን ነው ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴንም አልጠየቅሁም። "ወረቀቱ ምን ይላል?" እንደሚሉኝ አውቅ ነበር።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰሙ አይነካ ይላል። ለምን እንደማይነካ አይልም። እኔ እንዲህ ተረጎምኩት፦ ሰሙ የተለበጠው ብረቱ ድድ እንዳይቆረቁር ነው፤ አይነካ የተባለውም እንዳይቆሽሽ ነው፤ በንጹሕ የንብ ሰም ብተካው እንደ መንካት አይቆጠርም። ንባብ ያላት ሴት እንዲህ ትተረጉማለች።

ባለቤቴ ችሎት ያለ አንድ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ በወጡበት ቀን እሳቱ አጠገብ ተቀምጬ የሮዙን ሰም በቢላዋ ፋቅሁት። የተፋቀውን እሳት ውስጥ ጣልኩት። እርሳሱ ራቁቱን ቀረ፤ በፈላ ውኃ አጠብኩት። ለቤተ ክርስቲያን ስለት ጧፍ የምሠራበት የማር ሰም ነበረኝ፤ አቀለጥኩትና እርሳሱን በክር አንጠልጥዬ ነከርኩት፤ አወጣሁት፤ ሲጠነክር ደግሜ ነከርኩት።

ጧፍ መሥራት እናቴ ያስተማረችኝ ሙያ ነው። ሙያ ያላት ሴት ጧፍ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ዓይነት ነው። ወፍራም ጧፍ የሚሠራ እጁ ያልተፈታ ሰው ነው፤ በማኅበር ላይ ይሳቅበታል። እኔ እርሳሱንም እንደ ጧፍ ሠራሁት። ሦስት ጊዜ ነክሬ በቃኝ አልኩ። ላዩን በጨርቅ አሸሁት፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ልባስ ወጣው። አፋቸውንም ስለማይገፋው እንደሚመቻቸው አስቤ ደስ አለኝ። ያንን ደስታ አልረሳውም።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሐኪሙ አልነበረም፤ ለሁለት ሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል ተባለ። ነርሷም አብራ ሄዳለች። በእሱ ቦታ ያለው ሰው መሣሪያውን ያስነሣል እንጂ ብዙ አይናገርም። ባለቤቴ "ልማዱ አለኝ" ብለው እርሳሱን ራሳቸው ያስገቡት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ አፋቸው ሲያስገቡት ጥቂት ቆም ብለው ወደ እኔ አዩ። ምን ሆኑ ብዬ በዓይኔ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተኙ።

በስምንተኛው ቀን "ከውስጥ ይለበልበኛል" አሉ። ሰውየው ሁለተኛው ዙር ይከብዳል አለ። እኔ ጨው አብዝቼ ይሆን ብዬ ቀነስኩ። ተልባውን አቀዘቀዝኩ። በአሥረኛው ቀን የከንፈራቸው ውስጠኛ ሽፋን ነጭ ሆነ። ከዚያ ያ ነጭ ተላጠ። ተልባ ሲጠጡ እንባቸው ይወርድ ጀመር፤ "ጉንፋን ይዞኛል" ይሉኛል። ከውስጥ፣ ልክ እርሳሱ በሚያርፍበት ቦታ፣ የእርሳሱን ቅርጽ የያዘ ጎበጥ ያለ ቁስል ነበር። ቅርጹን አይቼ ምን እንደሆነ ልቤ ነግሮኛል። አፌ ግን አልተናገረም። አሁን ልንገር ወይስ ነገ እያልኩ አራት ቀን አለፈ፤ በአራቱም ቀን ያው እርሳስ ያው ቦታ ገባ።

ሐኪሙ ተመልሶ ከንፈራቸውን ሲገልጥ ፊቱ ተለወጠ። እርሳሱን አስወጣና በጥፍሩ ጫረው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጫረው፤ ብረቱ ብቅ አለ። ለነርሷ ተናገረ።

"ይህን ሰም ማን ለወጠው?" አለች ነርሷ።

እኔ የባለቤቴን ኩታ ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

"እኔ ነኝ" አሉ ባለቤቴ። አፋቸው ቆስሎ ቃሉ ተጎትቶ ወጣ። "ፀሐይ ላይ ትቼው ቀለጠ። ራሴ ለበጥኩት።"

"ሰሙ አይነካ ብዬ ጽፌ ነበር እኮ፣ ጌታዬ።"

"ጽፈሻል። አልታዘዝኩም።"

ነርሷ ተበሳጨች፤ ሐኪሙ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳቸው፤ እሷም ተረጎመች። ዝናብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲወርድ እንደሚረጭ ሁሉ ጨረሩም እርሳሱ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ ይረጫል አለች። እርጭታው ደካማ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፣ ወፍራም ሰም ይይዘዋል። ሰሙ ከሳሳ ግን እርሳሱን የተጠጋው ደኅና ሥጋ ከታመመው የበለጠ ይቃጠላል። "እርሳሱ ለድድዎ ነበር" አለች፤ "ሰሙ ደግሞ ለከንፈርዎ ውስጠኛ ክፍል። ሁለቱም ጠባቂዎች ነበሩ።"

ባለቤቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም። እኔ ኩታቸውን አጥብቄ ይዤ ወለሉን አየሁ። "እኔ ነኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ያን ጊዜ ማንም ባልገፋኝ፣ ማንም ባልመታኝ። ሐኪሙ እንኳ ገር ሰው ነበር። ያፈርኩት ከምን እንደሆነ ዛሬም በትክክል አላውቀውም። ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ መሆኔን ነርሷ አይታ ነበር፤ ከሷ ይመስለኛል።

ሕክምናው ለጊዜው ቆመ፤ በኋላ በአዲስ ሰም ተጨረሰ። ነቀርሳው ጠፋ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተመለሰም። ውስጡ ግን ለመዳን ወራት ፈጀ፤ ሲድንም ጠባሳው ከንፈሩን ወደ ታች ሳበው። ከንፈራቸው አይገጥምም ነበር። ምራቃቸው ይወርዳል። "በ" እና "መ" ከአፋቸው ጠፉ። መሬት፣ ባላባት፣ ምስክር፣ ችሎት ላይ ያለ እነዚህ ቃላት ምን ይወራል?

አንድ ጊዜ ሞከሩ። ከደምበጫ በመጣ ሰው ላይ የሚሟገቱት የቆየ ጉዳይ ነበር። ወዳጆች ኋላ እንደነገሩኝ፣ ቆመው ኩታቸውን አስተካክለው ጀመሩ፤ ዳኛውም ዘንበል ብለው ለመስማት ሞከሩ። የደምበጫው ሰው ባላጋራቸው ነበርና ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ "ዛሬስ በሬው ትልም ላይ ተኛ" አለ። ችሎቱ ሳቀ። ባለቤቴ አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ለዳኛው ሰጡ። ዳኛው ጮክ ብለው አነበቡት፦ "ብዙ ያረሰ በሬ ነው፤ ይረፍ።" ከዚያ ወጡ፤ አልተመለሱም። ቤት ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ያዙ።

ወሬው ከዚያ ተነሣ። "በሐሰት ሲሟገት የኖረ አፍ ነው" አሉ። "የድኻ ርስት የበላ ከንፈር ነው" አሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሴቶች ሲያወሩ ሰምቼ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለፍኩ። ጎረቤቴም አንድ ቀን "አረቄ ያበዙ ነበር እንዴ?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኋት። ባሌ አረቄ እንደማይቀምሱ እያወቅሁ አላውቅም አልኩ። የሞራውን ነገር ራሷ እንደተናገረች ረስታዋለች፤ እኔም አላስታወስኋትም። ብናገር የሳቸው ስም በአንድ ቀን ይጠራ ነበር፤ የእኔ ግን ይጎድፍ ነበር። መረጥኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ መረጥኩ።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓመት ለስለት ጧፍ ስሠራ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። አንዱን ጧፍ አንሥተው አሸተቱት። ያኔ ንግግራቸውን የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው አይገባውም።

"ይህ ሽታ አፌ ውስጥ ነበር" አሉ።

የነከርኩትን ጧፍ ከሰሙ አወጣሁ።

"ያን ጊዜ ገና ሳስገባው አወቅሁት። ያ ሁሉ የመድኃኒት ሽታ ባለበት ቤት የቤቴን ሰም አሸተትኩ። ደስ አለኝ።"

"ለምን... ለሐኪሙ ለምን አልነገሩም?"

"ምን ብዬ? እንደሚጎዳ አላውቅ። በኋላ ሳውቅ ደግሞ የሆነው ሆኗል።" ጧፉን በጥንቃቄ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጡት። "አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። ምስክር ተገዶ ሲናገር አልወድም፤ ስለዚህ አልጠየቅሁሽም።"

ጠበቁኝ። አውቃለሁ፤ እኔን እያዩ ጠበቁኝ። እኔ ድስቱ ውስጥ አይቼ "ሰሙ ሊያልቅብኝ ነው" አልኩ። ይህን ነው ያልኩት።

እሳቸውም "እንግዲያው ከገበያ ይገዛል" ብለው ተነሡ።

በክረምቱ ሳንባቸው ታመመ፤ በሳምንቱ አረፉ። ጥፋቴን ሁሉ በአርባቸው ዕለት ልናገር ወሰንኩ። የተዝካሩ ድንኳን ሰው ሞልቶት ነበር። የደምበጫውም ሰው መጥቶ ነበር፤ በአገራችን ባላጋራም ቢሆን ለተዝካር ይመጣል። ከበላ በኋላ እጁን እየታጠበ ጎኑ ላለው "ነፍስ ይማር፤ አፋቸው ግን የዘሩትን አጨደ" ሲል ሰማሁ።

ቆሜ "አፋቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ጨረሩ። ማልቀስ ስለያዘኝ ቃሉ ተቀላቀለ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውኝ "ተይ እኅቴ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ" አሉ። "እርሳስ ትላለች" አለች አንዷ ቀስ ብላ፤ "ምስኪን።" የደምበጫው ሰው ራሱ በርኅራኄ አየኝ። የማያምን ሰው ርኅራኄ ነበር። ጎረቤቴ ብቻ ቀና ሳትል ወጪቱን ታነሣ ጀመር፤ ቀልዷ ትዝ ያላት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ለነፍስ አባታችን ተናዘዝኩ። "ያልተዋጠ ነገር ጾም አይሽርም፣ ልጄ" አሉ። "ሞራስ ቢሆን። ብትጠይቂኝ ኖሮ እስቅ ነበር።" ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጽሜዋለሁ።

ለእሳቸው ግን ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፤ በድንኳኑም አልተናገርኩትም። ያን የሮዝ ሰም እሳት ውስጥ የጣልኩ ጊዜ ነደደ። ሞራ ሲነድ ቤቱ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይላል፤ ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። ያ ሰም የሥጋ ሽታ አልነበረውም። አሸተትኩት፤ አወቅሁ። እርሳሱ ራቁቱን ጭኔ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ መደቡ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ተነሥቼ ለባለቤቴ "ሳላውቅ ፋቅሁት፤ ለሐኪሙ እንንገረው" ብል ኖሮ ሐኪሙ በአንድ ቀን ሌላ ይለብጥ ነበር። እንዳልሳሳትኩ ለመምሰል ድስቱን ጥጄ የማሩን ሰም አቀለጥኩ። ስለ ጾም አልነበረም። ቢያንስ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ ጾም አልነበረም።

ባለቤቴ "በአፍ የተነገረ ይካዳል፤ የተጻፈ ማስረጃ ነው" ይሉ ነበር። ይህ የእኔ ማስረጃ ነው። በሙት ዓመታቸው የደምበጫው ሰው እንደገና ይመጣል። ይህን ወረቀት ከእርሳሱ ጋር ለእሱ እሰጠዋለሁ፤ ማንበብ ይችላል። እርሳሱን በእጁ ይዞ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው።